ራስ ያልኖረበት ቤት ቅርስ አይሆንምን?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ነገሬን ከአንድ የጭቃ ቤት ልጀምር።

ቤቱ ያለው ኮልፌ ቀራንዮ ነው። ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ የድንጋይ ንጣፉ አልቆ ጭቃው የሚጀምርበት ቦታ ላይ። አራት ክፍል ነው። ጣራው የዛገ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ኮርኒሱ ዘመን ያጠቆረው አቡጀዲ። መንገደኛ ዞር ብሎ የሚያየው ነገር የለውም። አሁን ግን ዞር ብሎ የሚያየው ነገር አግኝቷል፤ ከሳንቃው በር ጎን በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። ያ ምልክት ምን ማለት እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

የቤቱ ጌታ መምህር ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ቤተሰባቸው በሰላም ይኑርበት። የሠፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሽ መምህር» ነበር የሚላቸው። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጡ በወሎ አንዲት የገጠር ከተማ ተመድበው ዓመታት አስተማሩ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ተዛውረው፣ በደርግ ዘመን በቤት ሠሪዎች ማኅበር በኩል ባገኙት መሬት ላይ ይህን ቤት አቆሙ። ቋሚውንና ማገሩን ከአጠና ተራ በሸክም አምጥተው፣ ጭቃውን ከተማሪዎቻቸው ጋር ረግጠው፣ የሠፈሩ ሰው በደቦ መርጎላቸው ነው የገቡት።

የመጀመሪያውን ክፍል ግን አልኖሩበትም። ጥቁር ሰሌዳ አደረጉት። አንዱን ግድግዳ አስተካክለው ለስነው፣ የአሮጌ ባትሪ ድንጋይ ከሰል ወቅጠው፣ በቅጠል አሽተው አጠቆሩት። ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ይውላሉ፤ ማታ በዚያች ክፍል የሠፈሩን ልጅ በነፃ ያስተምራሉ። የሸማኔው ልጅ፣ የአናጢው ልጅ፣ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሊስትሮ የሚሠራው ልጅ፣ ጠላ የምትጠምቀው እናት ራሷ ሳትቀር እዚያች ክፍል አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። መብራት ሲጠፋ በኩራዝ ነበር።

እኔም በ1980ዎቹ አጋማሽ ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ነው። ዛሬ በዚህ ጋዜጣ ላይ የምጭራት እያንዳንዷ ፊደል መነሻዋ ያ የጠቆረ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሻችሁም።

ግድግዳው ዛሬም አለ። እሳቸው ከሞቱ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል። በጎን በኩል የክፍሉ ልጆች ቁመት የተለካበት የጠመኔ ጭረት፣ ከሥሩም ደብዝዞ የቀረ የማባዛት ሠንጠረዥ ይታያል።

ለመሆኑ ይህ ቅርስ ነው ወይስ አይደለም?

«የየትኛው ራስ ነበር?»

ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ወደ አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የሚመለከተው ሰው «ስብሰባ ላይ ነው» ተብዬ ሁለት ቀን ከተመላለስኩ በኋላ በሦስተኛው ቀን አገኘሁት። ጨዋ ወጣት ነው፤ ሻይ ሁሉ ጋብዞኛል። ነገሬን ሰምቶ ሲያበቃ እንዲህ አለኝ።

«ወንድሜ፣ ቤቱ የማን ነበር? የየትኛው ራስ?»

«የራስ አይደለም።»

«ደጃዝማች? ፊታውራሪ?»

«መምህር ናቸው።»

«ደራሲ ነበሩ? ሚኒስትር ምናምን የሆኑበት ጊዜ አለ?»

«የለም። መምህር ብቻ።»

ሳቅ አለ። ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም። «እንግዲህ የእያንዳንዱን አስተማሪ ቤት ቅርስ ካልን አዲስ አበባ ምኗ ይለማል?» ብሎ ሸኘኝ።

ልጁ ላይ አልፈርድም። እሱ የተናገረው እኛ ሁላችን የምናስበውን ነው። ቅርስ ሲባል ዓይናችን የሚሄደው ወደ ባለ ሰገነቱ፣ ወደ ባለ ፈረሱና ወደ ባለ ካባው ነው። እስቲ የከተማችንን የታወቁ የቅርስ ቤቶች ቁጠሩ። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል፤ እሰየው። የሼህ ሆጀሌ ቤተ መንግሥት አለ። የቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት አለ። የሕንዱ ነጋዴ የመሐመድ አሊ ቤት አለ። እነዚህ ሁሉ ይጠበቁ፣ ዕድሜ ይስጣቸው! እኔ የምለው ዝርዝሩ ላይ ባላባትና ነጋዴ ሞልቶ መምህር የጠፋው ለምንድን ነው?

ሕጉ ነው እንዳይባል ሕጉ እንዲህ አይልም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ሲተረጉም የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት ሆኖ በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በሥነ ጥበብ ወይም በዕደ ጥበብ ይዘቱ ትልቅ ዋጋ ያለውን ነገር ነው ያለው። «ራስ የኖረበት» የሚል ቃል የለበትም። «ድንጋይ ካልሆነ፣ ጭቃ ከሆነ አይቆጠርም» የሚልም የለበትም። የጎደለው ሕግ አይደለም፤ የጎደለው ለመምህር ያለን ክብር ነው።

የኮልፌ ሌላው ትምህርት ቤት

አንዳንድ ሰው ኮልፌ ሲባል የሚመጣለት የጭቃ መንገድና የመናኸሪያ ግርግር ነው። ኮልፌ ግን በዓለም መጽሐፍ ላይ ስሟ ያለ ሠፈር ናት። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሹ ሠፈር ውስጥ ነው። ለስድስት ወር ታስቦ የነበረው ሥልጠና ሁለት ወር ገደማ እንደሆነው ድርጅቱ ወደ አገሩ ጠራው። እንደገባም ብዙ ሳይቆይ ተያዘ። «ረጅሙ ጉዞ ወደ ነፃነት» በተባለው የሕይወት ታሪኩ ኮልፌን በስሟ ጠርቶ ጽፏታል። ሲሸኙት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት እንደሰጡት እዚያው ላይ ይገኛል።

ስለዚህ ማንዴላ የሠለጠነበትን ቦታ «ቅርስ ነው» ብንል የሚከራከረን የለም። ደግም ነው። ግን ልብ በሉ! እኚያው ታደሰ ብሩ ሌላም ሥራ ነበራቸው። መሃይምነትን ለማጥፋት በዚያ ዘመን የተቋቋመውን ብሔራዊ ዘመቻ በሊቀ መንበርነት ይመሩ ነበር። አንድ ሰው ለእንግዳው ተኩስ ያሳያል፣ ለአገሩ ሰው ደግሞ ፊደል እንዲደርስ ይደክማል። ደርግ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ረሸናቸው። እኛ ዛሬ የምናስታውሰው ሽጉጡን ነው። ፊደሉን የሚያስታውስ ስንት ነው?

ይህን ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የውጭ ሰው በመጽሐፉ ሲያነሳን ቅርስ እንዳለን ትዝ ይለናል። እኛው በእኛው የሠራነው ግን ማንም በመጽሐፍ ስላልጻፈልን ዶማ ይበላዋል። ሐረርን ተመልከቱ። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ሐረር ላይ ነግዷል፣ ኖሯል፤ እውነት ነው። በስሙ የሚጠራውን ያማረ ቤት ግን እሱ ከሞተ በኋላ አንድ የሕንድ ነጋዴ እንዳሠራው የታሪክ ሰዎች ይናገራሉ። ራምቦ ላልኖረበት ቤት ስሙን ሰጥተን እንጠብቃለን፤ መምህሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱበትን ቤት ቀይ እንቀባለን። ባለቤቱ ያልናቀውን አጥር ውሻ አይደፍረውም ይባላል። እኛ ባለቤቶቹ ግን አጥራችንን ራሳችን እየናቅነው ነው።

ጎረቤት ምን ይሠራል?

ታንዛኒያዎች ጁሊየስ ኔሬሬን «ምዋሊሙ» ነው የሚሉት። በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው። ፕሬዚዳንት ሆኖ፣ አገር መርቶ፣ በመጨረሻም የቀረለት ማዕረግ መምህር የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ከፑጉ ትምህርት ቤት ሥራውን ለቆ ወደ ፖለቲካ ሲገባ ብዙ ሳይቆይ የኖረባት ዳሬሰላም፣ ማጎሜኒ ሠፈር ያለች ተራ ቤት ዛሬ ሙዚየም ናት። ቤተ መንግሥት አይደለችም፤ የደሞዝተኛ ቤት ናት።

ደቡብ አፍሪካዎችም ሶዌቶ ውስጥ ቪላካዚ ጎዳና ቁጥር 8115 የሆነችውን የማንዴላን ቤት ጠብቀዋታል። ያቺም ለጥቁር ሠራተኛ ተብለው በረድፍ ከተሠሩት ጠባብ ቤቶች አንዷ ናት። የዓለም ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚያያት ስለ ድንጋዩ ማማር አይደለም። «ከዚህች ጠባብ ቤት ያ ሰው ወጣ» ለማለት ነው።

እርግጥ የእኛ ጋሽ መምህር ኔሬሬ አይደሉም፤ ማንዴላም አይደሉም። ግን ከእሳቸው ግድግዳ ሥር ሐኪም ወጥቷል፣ ነርስ ወጥታለች፣ ሹፌር ወጥቷል፣ ዐረብ አገር ሆና ለእናቷ ደብዳቤ በገዛ እጇ የምትጽፍ ልጅ ወጥታለች። ይህ ታሪክ ካልሆነ ታሪክ ምንድን ነው?

የመምህር ውለታ በየዘመኑ

እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ የዚህ አገር መንግሥታት ሁሉ የመምህር ባለ ዕዳዎች ናቸው።

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ የድሃውን ልጅ ከትምህርት ገበታ ያስቀራል ብለው ሥራ አቆሙ። ባለ ታክሲዎችም በዚያው ሰሞን አድማ መቱ። የዘመናት ዙፋን መነቃነቅ ከጀመረባቸው ቀኖች አንዱ ያ ነው። በ1967 ዓ.ም. «እድገት በኅብረት» ተብሎ ስድሳ ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ዘመተ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ፤ በሂደት በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ አገሪቱም እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘችበት። ሽልማቱን ባለሥልጣን ተቀበለ። ጠመኔውን የያዘው ግን መምህር ነበር። ጋሽ መምህርም ከዘማቾቹ አንዱ ነበሩ።

ከዚያስ? በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ የመምህራን ማኅበር አመራር የነበረው አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት እስር ቤት ዓመታት ቆጠሩ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ነባሩ ማኅበር ስሙንና ንብረቱን በፍርድ ቤት ውሳኔ ተነጠቀ።

ሌላም እንጨምር። ከበደ ሚካኤል የአንድ ክፍል መምህር ብቻ አልነበሩም፤ «ታሪክና ምሳሌ»ን ያነበበ ትውልድ በሙሉ ተማሪያቸው ነው። ደርግ ቤታቸውን ወረሰው። እኚያ ታላቅ ሰው በኅዳር ወር 1991 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በሆቴል ክፍል ውስጥ ነበር የሚኖሩት። አንድ አገር ለአስተማሪው ቤት ስትነፍግ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይቆጠራል?

ዘውዱ ለራሱ ሐውልት ሠራ። ደርግ ለራሱ ሠራ። ኢሕአዴግም ለራሱ ሰማዕታት በየክልሉ ሠራ። የዛሬዎቹ ባለጊዜዎችም ከመናፈሻ እስከ ሙዚየም እየሠሩ ነው። የካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ዓድዋ ይገባዋል፤ ከዚያም በላይ ይገባዋል! ግን መታሰቢያው ተመርቆ ወር ሳይሞላው እዚያው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው፣ በኮሪደር ልማት ስም ትውልድ የኖረባቸው ቤቶች በግሬደር ሲጠረጉ አይተናል። በአንድ እጅ መታሰቢያ፣ በሌላ እጅ ግሬደር! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ አይደለም?

«ቅርስ አይበላም፣ የኔ ልጅ»

እዚህ ላይ ብዕሬን ብሰቅል ጽሑፉ ያምርልኝ ነበር። ግን ያልተናገርኩት ነገር አለ፤ ብደብቀው ደግሞ የጋሽ መምህር ተማሪ አይደለሁም።

ባለፈው እሑድ ባለቤታቸውን፣ እትዬን፣ ልጠይቅ ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ። ስለ ቅርስ፣ ስለ አዋጅ፣ ስለ ጋዜጣው አወራሁላቸው። ዝም ብለው ሲሰሙኝ ቆይተው እንዲህ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ቅርስ አይበላም። ክረምት ሲገባ አልጋዬን ከጥግ ወደ ጥግ ስገፋ ነው የማድረው። ሽንት ቤቱ ሞልቷል። ጉልበቴ ከዳኝ። ደህና ቤት ከሰጡኝ እኔ እሄዳለሁ። አንተ ግድግዳውን ውሰደው።»

አፌን ያዘኝ። በሙሉ ሆድ የምሟገትለት ቤት ለእኔ ትዝታ ነው፤ ለእሳቸው ግን የሚያፈስ ጣራ ነው። የድሃን ቤት «ቅርስ ነው፣ እንዳትነኪው» ብሎ ድሃዋን ከነ ፍሳሹ መቆለፍ ሌላ ግፍ ነው። የራስ ብሩን ቤት የሚያድሰው መንግሥት ነው። የእትዬን ጣራ ማን ያድስ? ልጆቻቸው ሞክረዋል፤ ግን ቆርቆሮው የት ዋጋ እንደደረሰ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ «ልማት ይቁም» አልልም። እትዬም አላሉም። የምለው ሌላ ነው። ሁለቱ አይጣሉም። ለሰውየዋ ደህና ቤት፣ ለግድግዳው ክብር መስጠት ይቻላል። ካሣውና ምትኩ እኮ ችሮታ አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለተነሺ የሰጠው መብት ነው። ቤቱን ባዶ እጅ አስለቅቆ «የልማት ተነሺ» የሚል ስም መስጠት ግን የአዋጁም፣ የኅሊናም ወንጀል ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ቀይ ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት ሠፈሩ ይጠየቅ። በእያንዳንዱ ሠፈር ዕድር አለ። የትኛው ቤት ምን እንደሆነ፣ ማን እንደኖረበት የዕድሩን ዳኛ ያህል የሚያውቅ ባለሙያ የለም። ባለሙያውና ሽማግሌው አብረው በየቤቱ ይዙሩ። መጀመሪያ ይጻፍ፣ ከዚያ ይቀባ።

ሁለተኛ፣ ሊቆም የማይችለው ቤት ሳይፈርስ ይለካ፣ ፎቶ ይነሳ፣ የሠሩት ሰዎች ቃል ይቀዳ። ጭድና ጭቃ እንዴት እንደሚቦካ፣ ማገር እንዴት እንደሚታሠር የሚያውቁት ሰዎች አርጅተዋል። የከተማችን ብዙው ሰው የኖረው በጭቃ ቤት ሆኖ ሳለ የቅርስ መዝገባችን ስለ ጭቃ ቤት ዝም ማለቱ ያሳፍራል።

ሦስተኛ፣ በየክፍለ ከተማው አንድ፣ አንድ ብቻ የመምህር ቤት ይቁም። ኮልፌ ቀራንዮ ላይ አንድ፣ ጉለሌ ላይ አንድ፣ የካ ላይ አንድ። ከአዲስ አበባ ውጭም በየገጠሩ ከተማ፣ የመጀመሪያው መምህር በበቅሎ መጥቶ ያደረባት ጎጆ ካለች ትፈለግ። ማታ ማታ ልጆች የሚያጠኑባት ቤተ መጻሕፍት ትሁን። መምህሩ ያደርጓት የነበረው ይኸንኑ አይደለም? ወጪው ለአንድ ምረቃ ከሚተከለው ድንኳንና ከሚታረደው ሰንጋ የሚበልጥ አይመስለኝም።

አራተኛ፣ ይህ ሁሉ አይቻልም ከተባለ፣ ቢያንስ ግድግዳው ባለበት ቦታ ላይ በሚሠራው ሕንፃ በር አንዲት የእምነ በረድ ጽሑፍ ትለጠፍ፤ «እዚህ ቦታ ላይ መምህር ኖሯል፤ የሠፈሩን ልጅ በነፃ አስተምሯል» የምትል። ይህችን እንኳ ከነፈግን አገር ነን ብለን ባንዲራ መስቀላችን ለምንድን ነው?

ቀራንዮ ማለት የራስ ቅል ስፍራ ማለት እንደሆነ ቄሱም ምእመኑም ያውቀዋል። ጌታ የተሰቀለበት ቦታ ነው። የእኛይቱ ቀራንዮ ግን በመድኃኔ ዓለም ስም የምትጠራ፣ ድሃ የሚጠለልባት ሠፈር ናት። አደራ፣ የመምህሮቿ መሰቀያ አታድርጓት!

እኔ በበኩሌ ባለፈው እሑድ ከእትዬ ቤት ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ካሜራ ተውሼ ስለነበር ግድግዳውን ከነ ጭረቱ አነሳሁት። ከጭረቶቹ አንዷ የኔ ናት። ከወገቤ በታች ትደርሳለች። እትዬ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና ከጓዳ የጠመኔ ስባሪ ይዘው መጡ። የሳቸው ነበር፤ ጋሽ መምህር ያስቀሩት። «ጻፍበት እንግዲህ፣ ሳይፈርስ» አሉኝ።

ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ። ዕድሜ ልኬን በጽሑፍ የምተዳደር ሰው፣ ጠመኔ ይዤ ግድግዳ ፊት እንደ ልጅነቴ ቆምኩ። በመጨረሻ «ሀ» ብዬ ጻፍኩ።

ግሬደሩ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። የሚመለከታችሁ ሁሉ፣ ሳይመጣ እዩት። ልብ ያለው ልብ ይበል።

ቸር ይግጠመን!